«ብሩ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው»

(ደብረ ብርሃን ውስጥ በእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ስለ አስም መድኃኒት ጎንዮሽ ጉዳትና ወጪ የተናገርኩት ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

የእድራችን ሰብሳቢ ባለፈው ወር «አንተ መድኃኒት ቤት አይደል የምትሠራው? ስለ አስም ለምን አትነግረንም?» ሲሉኝ ወዲያው እሺ አልኩ። ለዓመታት የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ከእሱ ልጀምር።

ወሩ ኅዳር ነበር። ጠዋት ነው፤ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም። አንዲት እናት ከመንዝ መጥተው ዘመድ ቤት አድረዋል። ሐኪም ዘንድ ቀርበው የታዘዘላቸውን ወረቀት በመስኮቱ ሰጡኝ። ሁለት መድኃኒት ነው። ሁለቱም የሚሳቡ፣ እኛ ፓፍ የምንላቸው። ዋጋውን ደምሬ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱና ብሩን መስኮቱ ላይ ዘረጉት። ቆጠሩት። እንደገና ቆጠሩት።

«ልጄ፣ ብሩ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የትኛው ይሻለኛል?»

«ሲያፍንዎ ቶሎ የሚያስተነፍስዎት ይኼ ሰማያዊው ነው» አልኳቸው። ዋጋውም ቀለል ይላል። ሰማያዊውን ገዙ። መሳፈሪያም ተረፋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

በጥር ልጃቸው መጣ። ሰማያዊውን ሊገዛ ነው። «አራተኛችን ነው» አለኝ። እናቱ በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝተዋል። አንዱን ጊዜ ኦክስጂን ላይ ነበሩ። ለመኪና፣ ለአልጋ፣ ለአስታማሚ ምግብ ሁለት በግ ሸጠዋል። ያን ዕለት መስኮቴ ላይ የቀረው መድኃኒት ዋጋው ከአንድ በግ በብዙ ያንሳል።

የነገርኳቸው ውሸት አልነበረም። ሰማያዊው ቶሎ ያስተነፍሳል። ጥያቄያቸውን ግን አልመለስኩላቸውም። እሳቸው የጠየቁኝ «የትኛው ይሻለኛል?» ነው። እኔ የመለስኩት «የትኛው ቶሎ ይሠራል?» ለሚል ሰው የሚሆን መልስ ነው። እስቲ ዛሬ ያንን ጥያቄ በደንብ ልመልሰው።

አስም ማለት የአየር ቱቦ ቁጣ ነው። የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ያብጣል፣ አክታ ያመርታል፣ ትንሽ ነገር ሲነካው ደግሞ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ጭምቅ ይላል። የሚነካው ነገር በእኛ አገር ሞልቷል። የኩበት ጭስ አለ። የውቂያ ጊዜ የገብስ እብቅ አለ። ሱፍ ሲነደፍ የሚነሣው ብናኝ አለ። ከሁሉም በላይ ብርዱ አለ። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ የጥቅምትና የኅዳር ንጋት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም።

ሰማያዊው፣ ሳልቡታሞል የሚባለው፣ ብዙ ሰው ቬንቶሊን ብሎ የሚያውቀው፣ ጡንቻውን ያፍታታል። በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል። እብጠቱን ግን አይነካውም። ሁለተኛው፣ መከላከያው፣ ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶኒድ የሚባለው፣ እብጠቱን ያበርዳል። ይኼኛው የሚሠራው በቀናትና በሳምንታት ነው። ዛሬ ስባችሁት ዛሬ ምንም አይሰማችሁም። ሰው የሚተወውም ለዚህ ነው። የማይሰማ ነገር ላይ ብር ማውጣት ይከብዳል።

ጣሪያችሁ ቢያፈስ ባልዲ ትደቅናላችሁ። ባልዲው ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ቤቱ ይረጥባል። ክረምቱን ሙሉ ባልዲ ሲደቅን የሚከርም ሰው ግን አንድ ሌሊት ጣሪያው ይወርድበታል። ሰማያዊው ባልዲው ነው። ለቆርቆሮው መከላከያው አለ።

ይኼ የእኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ጊና የሚባል ዓለም አቀፍ የአስም ሕክምና መመሪያ የሚያወጣ አካል አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዕድሜው 12 እና ከዚያ በላይ የሆነ አስመኛ ሰማያዊውን ብቻ ይዞ እንዳይታከም ብሎ መመሪያውን ቀይሯል። ከዚያ በፊት ለሃምሳ ዓመት ያህል ቀላል አስም ላለበት ሰው ሰማያዊው ብቻ ይበቃል ይባል ነበር። ስለዚህ ድሮ ተምሮ የወጣ ባለሙያ፣ እኔም ጭምር፣ ይኼን ልማድ ለመተው ጊዜ ወስዶበታል።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ወጪን በአንድ ዕቃ ዋጋ አትቁጠሩት። በቀን ቁጠሩት።

አንድ ሰማያዊ ፓፍ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 200 ርጭት አለ። አስሙ የተያዘለት፣ ማለትም በመድኃኒት ጋብ ያለለት ሰው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ቢፈልገው፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ርጭት ቢስብ፣ በሳምንት አራት ርጭት ነው። 200ን ለአራት ስታካፍሉት 50 ሳምንት ይሆናል። አንድ ፓፍ ዓመት ሊሞላው ነው። መከላከያ የሌለው ሰው ግን በቀን አራት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ርጭት ይስባል። በቀን ስምንት ማለት ነው። 200 ለስምንት 25 ቀን። በዓመት ከ14 በላይ ፓፍ ይገዛል ማለት ነው።

በዚህ ቁጥር ላይ የገንዘቡን ጉዳይ ትቼ ሌላ ነገር መናገር አለብኝ። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰማያዊ ፓፍ የሚጨርስ ሰው አስሙ ክፉኛ የመነሣቱ ዕድል ይጨምራል። በዓመት 12 እና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ደግሞ በአስም የመሞት አደጋው ከፍ ይላል። ይኼ መመሪያው ላይ ያለ ነው። የዚያች እናት ልጅ በጥር «አራተኛችን ነው» ሲለኝ ደንገጥ ያልኩት ለዚህ ነው። እባካችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ባዶ ፓፍ አትጣሉ። ሣጥን ውስጥ አስቀምጡና ቁጠሯቸው። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ።

መከላከያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ተብሎ ይታዘዛል። 200 ርጭት ያለው ከሆነ 50 ቀን ይሄዳል። አስሙ ሁለት ሦስት ወር በደንብ ከተያዘ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንሰው ይችላል፤ ጠዋት አንድ ማታ አንድ ቢሆን ያው ዕቃ 100 ቀን ይሄዳል። ወጪው በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ይኼን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ወይ ለዘላለም በዚያው መጠን የሚቀጥል ይመስለውና ተስፋ ቆርጦ ይተዋል፣ ወይ ሲሻለው በራሱ ያቆመዋል። ሦስተኛው መንገድ ቀጠሮ ይዞ «ዶክተር፣ ሦስት ወር ደኅና ሰንብቻለሁ፤ ይቀነስልኝ ይሆን?» ማለት ነው። ይኼ መብታችሁ ነው።

ዋጋው ከባድ መሆኑን አልክድም። እነዚህ መድኃኒቶች ከውጭ ነው የሚገቡት። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው አሠራር ከተቀየረ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋው ምን እንደሆነ ገበያ የምትወጡት እናንተ ታውቁታላችሁ። የጤና መድን ካርድ ያላችሁ ሰዎች መድኃኒቱ ጤና ተቋሙ ውስጥ ሲገኝ እፎይ ትላላችሁ። ሲጠፋ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ እኛ መስኮት ትመጣላችሁ፤ ከኪስ ነው። ስለዚህ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጠይቁ። ባለቀ ማግስት አይሆንም።

እሺ፣ ጎንዮሽ ጉዳቱስ? አብዛኛው ሰው የሚፈራው እሱን ነው። «ፓፍ ልብ ይመታል»፣ «ፓፍ ሱስ ያስይዛል»፣ «ፓፍ ከጀመርክ መጨረሻህ ነው»። በየቀኑ እሰማዋለሁ። «ኪኒን ስጠኝ፤ ፓፉ ይቅር» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው።

ሰማያዊው እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ልክ ነው። ልብም ያስመታል። በጣም ሲበዛ ደም ውስጥ ያለውን ፖታሺየም ያወርዳል። ብዙውን ጊዜ ግን መንቀጥቀጡ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሄዳል። ሱስ ደግሞ አይደለም። ሰውዬው ደጋግሞ የሚፈልገው እብጠቱ ስላልታከመለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ። አንዱ ርጭት ውስጥ ያለው መድኃኒት 100 ማይክሮግራም ነው። የሳልቡታሞል ኪኒን አንዱ 4 ሚሊግራም ነው፤ ማለትም 4,000 ማይክሮግራም። ፓፉን ፈርቶ አንድ ኪኒን የዋጠ ሰው በክብደት የ40 ርጭት ያህል ዋጠ። ለልጆች የሚሰጠው ሽሮፕ ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያው 2 ሚሊግራም ነው፤ የ20 ርጭት ያህል። ኪኒኑና ሽሮፑ በሆድ ገብቶ፣ በደም ዞሮ፣ ልብንም እጅንም ነክቶ ነው ሳንባ የሚደርሰው። ፓፉ ቀጥታ ወደ ታመመው ቦታ ይሄዳል። «ፓፍ ይከብዳል፣ ሽሮፕ ይቀላል» የምትሉ እናቶች፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

መከላከያው ስቴሮይድ ነው። ይኼ ቃል ያስፈራል። ልክ ነው፣ ስቴሮይድ በኪኒን መልክ ብዙ ጊዜ ሲወሰድ ፊት ያሳብጣል፣ ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ሰው እሱን አይቶ ፓፉንም ይፈራል። መጠኑን ግን ተመልከቱ። አስሙ ክፉኛ የተነሣበት ትልቅ ሰው ብዙ ጊዜ ፕሬድኒሶሎን 40 ሚሊግራም በቀን ለአምስት ቀን ይታዘዝለታል። የ5 ሚሊግራሙ ኪኒን ከሆነ በቀን ስምንት ፍሬ ነው። በአምስት ቀን ተደምሮ 200 ሚሊግራም። በፓፍ በቀን 400 ማይክሮግራም ቤክሎሜታዞን የሚስብ ሰው 200 ሚሊግራም ላይ ለመድረስ 500 ቀን ይፈጅበታል። መድኃኒቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ኃይላቸውም እኩል አይደለም፤ እኔ የማሳያችሁ የብዛቱን ልዩነት ነው። መከላከያውን ፈርቶ የተወ ሰው ስቴሮይድ አመለጠ ማለት አይደለም። በየሦስት ወሩ ሆስፒታል ሲገባ በኪኒንና በመርፌ ይወስደዋል። በሕይወት ዘመን አራት አምስት ዙር የስቴሮይድ ኪኒን መውሰድ እንኳ ለአጥንት መሳሳትና ለስኳር አደጋው ከፍ እንደሚያደርግ ጥናቶች ያሳያሉ።

ይኼን ስል ግን መከላከያው ጉዳት የለውም እያልኩ አይደለም። ጉዳት የለውም ብዬ ብሸጥላችሁ፣ ምላሳችሁ ላይ እንደ እርጎ የረጋ ነጭ ነገር ስታዩ ዳግም አታምኑኝም። አዎ፣ አፍ ውስጥ ፈንገስ ያመጣል። ድምፅ ያጎረንናል። ከፍ ባለ መጠን ለዓመታት ሲወሰድ አጥንትንና ዓይንን ሊነካ ይችላል፤ ቆዳ ቶሎ ይበልዛል። ለዚህ ነው ሐኪሙ አስሙን ሊይዝ የሚችለውን ዝቅተኛ መጠን የሚፈልገው።

አንድ መሪጌታ ደንበኛ አሉኝ። አስማቸው ዓመት ሙሉ ተይዞ ነበር። አንድ ቀን መጡና «ትቼዋለሁ» አሉኝ። ለምን ስላቸው «ድምፄን ወሰደው» አሉ። እኔ በልቤ «ድምፅ መጎርነን ምን ይባላል?» ልል ነበር። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። ለእኔ መጎርነን ምንም አይደለም። ለእሳቸው ድምፃቸው እንጀራቸውም ጸሎታቸውም ነው። ማኅሌት ቆመው፣ ሌሊቱን ሙሉ ዜማ ሲያወርዱ የሚያድሩ ሰው ናቸው። መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ሲቀር ድምፅ ይጎዳል። ስለዚህ አሳሳባቸውን አየሁ። ፓፉን አፋቸው ውስጥ ይረጩታል፣ ከዚያ ይተነፍሳሉ። አብዛኛው ጉሮሯቸው ላይ ነበር የሚቀረው። መርጫውን በስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በአፍ መካከል በሚገባ ባዶ ቱቦ፣ አደረግንላቸው፣ ከሳቡ በኋላ በውኃ ጉሮሯቸውን አንጉረብርበው እንዲተፉ ነገርኳቸው፣ ሐኪሙም መጠኑን ቀነሰላቸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ድምፃቸው ተመለሰ። አሁንም ይወስዳሉ።

ከእሳቸው የተማርኩት ብዙ ነው። ጎንዮሽ ጉዳት በወረቀት ላይ ሲጻፍ ለሁሉም አንድ ነው። ሰው ላይ ሲያርፍ ግን ይለያያል። የእጅ መንቀጥቀጥ ለልብስ ሰፊ አንድ ነገር ነው፣ ለዘበኛ ሌላ። ስለዚህ «ይኼ መድኃኒት ምን ያደርገኛል?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ሥራችሁን ንገሩን። «እኔ እንዲህ እየሠራሁ ነው የምኖረው» በሉን።

አሁን ስለ ራሴ ልጅ ልናገር። ይኼን ባለቤቴ ፈቅዳልኛለች።

ልጄ በአምስት ዓመቷ አስም እንዳለባት ታወቀ። መከላከያው ታዘዘላት። በቤታችን በር መቃን ላይ ቁመቷን በእርሳስ እየለካን ምልክት እናደርጋለን። ጎረቤት ያለችው እኩያዋ ረዘመችባት። እኔ ደግሞ አንብቤያለሁ፤ ይኼ መድኃኒት የልጆችን ቁመት ይነካል። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ማታ ማታ የሚሰጠውን ተውኩት። ቀጥሎም ጠዋቱን። ሰማያዊውን ብቻ መስጠት ቀጠልኩ። ባለሙያ ሆኜ ነው ይኼን ያደረግኩት።

በጥቅምት አንድ ሌሊት ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። ልጅቷ አልጋው ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። አንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። «አባዬ» ብላ ልትናገር ፈለገች፤ «አባ» ላይ ትንፋሽ አጠራት። በባጃጅ ሄድን። ሦስት ቀን ተኛች። የፈራሁትን ስቴሮይድ በኪኒን ወሰደች።

እውነቱ ይኼ ነው። በአሜሪካ ልጆችን እስከ አዋቂነት ተከታትሎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት አለ። መከላከያውን ለዓመታት የወሰዱት ልጆች ትልቅ ሰው ሆነው ሲለኩ ካልወሰዱት በአማካይ በ1.2 ሴንቲ ሜትር አጠሩ። አዎ፣ ያጥራሉ። የጣቴን ጥፍር ስፋት ያህል። በመቃኑ ላይ በእርሳስ ሳሰምረው የሁለት መስመር ልዩነት ነው። እኔ ያንን ሁለት መስመር ከአንድ ሌሊት ትንፋሽ ጋር አላወዳደርኩትም ነበር። መስመሩን ብቻ ነበር የማየው። ያልተያዘ አስምም፣ በየጊዜው የሚወሰድ የስቴሮይድ ኪኒንም የልጅን እድገት እንደሚጎዱ አላሰብኩም።

ልጄ አሁን ዝቅተኛውን መጠን ትወስዳለች። በየስድስት ወሩ ቁመቷን እንለካለን። ሐኪሟም ያየዋል። መፍራቴን አልተውኩም፤ ፍርሃቴን ግን ይዤ የምሄደው ወደ ሐኪሙ ነው።

ነፍሰ ጡር እናቶችም እዚህ አላችሁ። በእርግዝና ጊዜ መከላከያውን በራሳችሁ አታቋርጡ። ለፅንሱ የከፋው የእናቱ ትንፋሽ ማጠር ነው። ወዲያው ለሐኪማችሁ ተናገሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ይቀጥላል።

ወደ ብክነት ልለፍ። ብራችሁ የሚባክነው እዚህ ነው። ያለ ስፔሰር የሚሳብ ፓፍ በደንብ ካልተሳበ ሳንባ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። የቀረው ምላስና ጉሮሮ ላይ ያርፋል። ከፍላችሁ የገዛችሁት መድኃኒት አፋችሁ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። የአፍና የጉሮሮ ጎንዮሽ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ፓፉን በደንብ ናጡት። ትንፋሻችሁን አስወጡ። ከንፈራችሁን ግጥም አድርጋችሁ መሳብ ስትጀምሩ ተጫኑት፤ ቀስ ብላችሁ፣ በጥልቀት ሳቡ። ከዚያ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ። ለሁለተኛው ርጭት ትንሽ ቆዩና እንደገና ናጡት። መከላከያው ከሆነ ተጉመጥምጣችሁ ትፉ።

ለብርዳችን አንድ ነገር ልጨምር። የፓፉ ቆርቆሮ በጣም ሲቀዘቅዝ መድኃኒቱ እንደሚገባው ላይወጣ ይችላል። የአምራቾቹ ወረቀት ላይም ይኼው ተጽፏል። ጠዋት ውርጭ ሲሆን መስኮት ሥር ያደረውን ፓፍ ከመሳባችሁ በፊት በእጃችሁ መዳፍ ያዙት፣ አሙቁት። እሳት ዳር ግን በፍጹም አታስጠጉት፤ ይፈነዳል።

ስፔሰር የሚባለው ዕቃ በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ ነው። የተረጨው መድኃኒት እዚያ ውስጥ ቆይቶ ሰውዬው በራሱ ጊዜ ይስበዋል። ለልጅና እጁ ለደከመ ሽማግሌ ግድ ነው። ዋጋው ይወደድና ሰው ይተወዋል። እዚህ ላይ የምወደው ነገር አለ። ሄዘር ዛር የምትባል የደቡብ አፍሪካ የሕፃናት ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስን ከተገዛ ስፔሰር ጋር አወዳደረች። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ። አስማቸው የተነሣባቸው ልጆች በጠርሙሱም እንደ ተገዛው ያህል ተሻላቸው። ጠርሙስ! እኛ ሃይላንድ ብለን ጠጥተን የምንጥለው።

እነሆ አንዱን ሠርቼ አምጥቻለሁ፤ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፉት። የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ነው። በሳሙና አጥቤ፣ ሳልወለውል አንጠፍጥፌ አደረቅሁት፤ ጨርቅ ከነካው መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ቂጡ ላይ በጋለ ሽቦ የፓፉ አፍ ልክ የሚገባበት ቀዳዳ አበጀሁ። ዙሪያውን በፕላስተር ዘጋሁት፤ አየር ማሾለክ የለበትም። ልጁ በጠርሙሱ አንገት ይስባል። አንድ ጊዜ ይረጫል፣ ልጁ አምስት ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይረጫል። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን የፊት መሸፈኛ ማስክ ያስፈልገዋል፤ ጠርሙሱ ብቻ አይበቃም።

ስለ ጾምና ስለ ጠበል ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እኔ የመድኃኒት ሰው ነኝ፤ የሃይማኖቱን አልናገርም። የንስሐ አባታችሁን፣ ሙስሊም ወገኖቼ ደግሞ ሼኻችሁን ጠይቁ። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጠበል ስትሄዱ ፓፉን ቤት ትታችሁ አትሂዱ። ቦታው ብዙ ጊዜ ብርድ ነው፣ ጉዞም አለው፣ ጤና ጣቢያም ይርቃል። ጠዋትና ማታ የሚወሰደውን መከላከያ ደግሞ ሰዓቱን ከጾሙ ጋር ማስማማት ይቻላል፤ ኑና እንመካከር።

መድኃኒት ቤት ገብታችሁ የራስ ምታት ወይም የወገብ ሕመም ክኒን ስትገዙ «አስም አለብኝ» በሉ። አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ አንዳንድ አስመኛ ላይ አስሙን ያስነሣሉ። ፕሮፕራኖሎል የሚባለው የልብና የግፊት መድኃኒትም ለአስመኛ አይሆንም።

አስም ሲነሣ ደግሞ የምትጠብቁት ምልክት አለ። ሰውዬው አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ልጅ ከሆነ መጥባት ወይም መጫወት ካቆመ፣ ሰማያዊው ረድቶት አራት ሰዓት እንኳ ካልቆየ፣ ወደ ጤና ተቋም ነው። መንገድ ላይ ሰማያዊውን በስፔሰር ከአራት እስከ አሥር ርጭት፣ በየሃያ ደቂቃው ስጡት። በዚያች ሰዓት ልብ ይመታል ብላችሁ አትሳሱ።

አሁን ወደ መንዝ እናት ልመለስ። «ብሩ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የትኛው ይሻለኛል?» ያን ቀን ብልህ ብሆን እንዲህ እላቸው ነበር፦

«እማማ፣ ይኼን እኔና እርስዎ በዚህ መስኮት አንወስነውም። ሐኪሙን ልደውልለት። ሁለቱን በአንድ ዕቃ የያዘ፣ ቡዴሶኒድና ፎርሞቴሮል የሚባል ፓፍ አለ። ለማስታገሻም ለመከላከያም ይሆናል። እሱ ከተገኘና ለእርስዎ ከተስማማ አንድ ዕቃ ነው የሚገዙት። ካልተገኘ ደግሞ ሰማያዊውን ይያዙ፤ ሲያፍንዎ ያለ እሱ አይሆንም። መከላከያውን ግን ለነገ አይተዉት። የጤና መድን ካርድ አለዎት ወይ? ልጅዎ ገበያ የሚወጣው መቼ ነው? እስከዚያ ድረስ አንዱን አስቀምጥልዎታለሁ።»

ይኼን ለማለት አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከኋላቸው ሰልፍ ነበር። እኔም ቸኮልኩ።

ስለዚህ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ሲቸኩልባችሁ አስቁሙት። «ይኼ በቀን ስንት ይወጣኛል? ስንት ቀን ይሄዳል? ከዚህ የሚረክስ፣ ያው ሥራ የሚሠራ አለ ወይ? ሐኪሙ ቢደወልለትስ?» በሉት። አታፍሩ። ብር ማነሱ አያሳፍርም፤ እኔን ያሳፈረኝ ዝም ማለቴ ነው።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል። ሻይው እስኪቀዳ ድረስ እበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ፓፍ የያዘ ሁሉ ይምጣና እፊቴ ይሳብ፤ አሳሳቡን እናያለን። ያልያዛችሁ ለሚቀጥለው ስብሰባ ባዶ ፓፋችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንቆጥራለን። ሽቦና ፕላስተር አምጥቻለሁ። ሃይላንዱን ግን እናንተ አምጡ፤ የግማሽ ሊትሩን።